የማይለቅ ፍሬን

ሰው ስለ አንድ አውቶሞቢል ሲጠይቅ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሩጫዋ ነው። ሞተሯ ምን ያህል ጉልበት አለው? ዳገት ትወጣለች ወይ? በአንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች? ይላል። «እንዴት ትቆማለች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን በዕድሜዬ ብዙ አላጋጠመኝም። እኔም ራሴ አልጠየቅሁም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር በደብረ ብርሃንና በአንኮበር መካከል የደረሰብኝ ነገር ይህን ጥያቄ አስተማረኝ፤ ካስተማረኝም በኋላ ጥያቄው በመኪናዬ ላይ ብቻ ሳይቆም እስከ መሥሪያ ቤቴ ጠረጴዛ ድረስ ተከተለኝ። ነገሩ ለሌላውም ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እንደ ሆነው አድርጌ ልጽፈው ወደድሁ።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። አባቴ በደብረ ብርሃን ከተማ ለብዙ ዘመን በመምህርነት ያገለገለ ሰው ነው። ቮልስዋገኗን የገዛትም ከሁለት ሰዎች እጅ ካለፈች በኋላ ነበር። ሕዝባችን «ቮልስ» እያለ የሚጠራትን፣ ጀርባዋ እንደ ጥንዚዛ የጎበጠውን፣ ሞተሯን በስተኋላዋ ተሸክማ የምትሄደውን መኪና ማለቴ ነው። ይህች መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋም በሜክሲኮ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ከፋብሪካ ወጥታለች። ስለዚህ ዛሬ በአገራችን መንገድ ላይ የምትታየው ቮልስ ሁሉ አሮጌ ናት ቢባል ስሕተት አይሆንም። አባቴ ግን «አሮጌ» የሚለውን ቃል አይወድም ነበር፤ «የኖረች» ይላት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ ከሥሯ ይገባና አንዱን ሲያጠብቅ፣ ሌላውን ሲያላላ፣ ሦስተኛውን ግሪስ ሲቀባ ይውላል። እኔ ሻይ አቀርብለት ነበር እንጂ ከመኪናዋ በታች ያለውን ነገር ለማየት አንድ ቀን እንኳ አጎንብሼ አላውቅም።

አባቴ ካረፈ በኋላ መኪናዋ በግቢያችን ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ዐሥራ አራት ወር ቆመች። የደብረ ብርሃንን አየር የቀመሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሜዳማ ደጋ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ክረምቱ በዝናብና በጭጋግ ያልፋል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት በውርጭ ይተካል። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ መኪናዋን ስሸፍናት የእጅ ፍሬኗን ወደ ላይ ስቤ ነበር የተውኋት። በዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሞተሯን አላስነሣሁም፤ ፍሬኗንም አልረገጥሁም። «ሐዘን ነው» እያልሁ ራሴን አሳምን ነበር። ሐዘንና ስንፍና አንድ ልብስ ለብሰው ሲመጡ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

የአባቴ የትውልድ አገር አንኮበር ነው። ኅዳር ሲብት እናቴ አንድ ማታ «ልጄ፣ ዘንድሮ የኅዳር ሚካኤልን አንኮበር ወጥቼ ማንገሥ አለብኝ። የአባትህ ስለት ነው። በራሱ መኪና ውሰደኝ» አለችኝ። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ለምና አታውቅምና እሺ ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

መኪናዋን ለማስነሣት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ ጎማዎቹን አስነፋሁ፤ ካንዴላዎቹን ጠረግሁ። ሞተሯም ጥቂት ጊዜ አስላት አስላትና ተነሣች። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ብከፍተው ጎድሎ አገኘሁት፤ አባቴ በመደርደሪያ ላይ የተዋት፣ ክዳኗ የላላ ግማሽ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ነበረችና እርሷን ገለበጥሁበት። በዚህም ለአዲስ ጠርሙስ የሚወጣውን ጥቂት ብር እንደ ቆጠብሁ ቆጥሬ ተደሰትሁ። ከዚያ ማርሽ አስገብቼ ልንቀሳቀስ ብል መኪናዋ እንቢ አለች። ቤንዚን ጨምሬ ብገፋት ከሥሯ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማና ወደ ፊት ተፈናጠረች። ተላቀቀች ብዬ ደስ አለኝ። በከተማው ውስጥ ስሞክራት መሪዋ በመጠኑ ወደ ግራ ይስብ ነበር፤ «የቆመች መኪና ናት፤ ስትሄድ ትስተካከላለች» አልሁ። ይህን የመሰለ ቃል ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ በወረቀት ላይ እንደ ጻፍሁ ግን በዚያን ሰዓት ትዝ አላለኝም።

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ እናቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ ከጎኔ ተቀመጠችና ጉዞ ጀመርን። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመንገዱ አብዛኛው ክፍል በደጋው ሜዳ ላይ ያልፋል፤ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ የበግ መንጋ በድንጋይ ካቡ ጥግ ፀሐይ ይሞቃል። ግማሽ ያህሉን እንደ ሄድን እናቴ «የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል፣ ልጄ» አለች። እኔም «ገለባ እያቃጠሉ ይሆናል፣ እማዬ» አልኋት። ጥቂት ቆይታ «ገለባ እንዲህ አይሸትም» አለች። መልስ አልሰጠኋትም። መሪው ወደ ግራ መሳቡን እየጨመረ ነበር፤ ሞተሯም በሜዳው ላይ ዳገት እንደምትወጣ ታቃስት ነበር።

ከዚያ ደጋው ድንገት ያልቃል። ወደ አንኮበር የሄደ ሰው ያንን ቦታ አይረሳውም፤ ምድር በቢላዋ የተቆረጠች ይመስል ከፊት ለፊት ገደሉ ይከፈታል፤ ከታች ኮረብታ በኮረብታ ላይ እየተደራረበ ወርዶ በመጨረሻ የአፋር ቆላ ሰማያዊ ጭጋግ መስሎ ይታያል። መንገዱም ወደ ጎረቤላ መውረድ ይጀምራል። የመጀመሪያውን ቁልቁለት እንደ ያዝሁ እግሬን በፍሬኑ ላይ ባሳርፍ ፍሬኑ እስከ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ደግሜ ረገጥሁ፤ ባዶ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ነበርሁና ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም እየጮኸች ወደ አንደኛ መለስኋት፤ የእጅ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብሁት። ፍጥነቷ ቀነሰ እንጂ አልቆመችም። በስተግራ ገደል፣ በስተቀኝ ተራራ ነው። መሪውን ወደ ተራራው መለስሁና መኪናዋ በጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ገብታ፣ ጎኗን ከአፈሩ ጋር እያፋተገች ሄዳ ቆመች።

ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም። እናቴ ካማተበች በኋላ ነጠላዋን አስተካከለችና ቀስ ብላ «አባትህ ይህችን መኪና ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ ፈርቼ አላውቅም» አለች። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረችም። እኔ ግን ቦዩ ውስጥ ከገባንበት ድንጋጤ ይልቅ ያ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ይሰማኛል።

ወርጄ ባይ ከፊተኛው የግራ ጎማ ጭስ ይወጣል። ቸርኬው እንደ ምጣድ ግሏል። የውሃ ጀሪካን አንሥቼ ላፈስበት ስል ከኋላችን ደርሶ የቆመ የአይሱዙ ሾፌር «ተው! ተው! ብረቱ ይሰነጠቅብሃል፤ በራሱ ይቀዝቅዝ» ብሎ ጮኸብኝ። ጎንበስ ብሎም በጎማው መካከል ተመለከተና «ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም» አለ። እኔ ፍሬን እንቢ ብሎኝ፣ እርሱ ፍሬን ያዘ ይለኛል! ፍሬን በአንድ ጊዜ እንዴት ይዞም ለቅቆም ሊገኝ ይችላል? ይህ ነገር በዚያ ሰዓት እንቆቅልሽ ሆነብኝ።

እናቴ ወደ በዓሉ ከሚሄዱ ምዕመናን ጋር በሚኒባስ ተሳፍራ ጉዞዋን ቀጠለች። እኔ መኪናዋ እስክትቀዘቅዝ ድረስ በድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቁልቁል ስመለከት፣ የሸዋ ነገሥታት ይህን ቦታ ለመናገሻ የመረጡበት ምክንያት ከመቼውም ይልቅ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ግመሎቹን ከተራራው ግርጌ ትቶ ጓዙን በሰው ትከሻ ማስወጣት ግድ ሆኖበታል። ግመል የማይወጣው ዳገት ለጠላትም አይመችም፤ ስለዚህ አቀበቱ ራሱ የአንኮበር ቅጥር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ ከማዛወራቸው በፊት ከዚሁ ከፍታ ላይ ሆነው ሸዋን ገዝተዋል። እሳቸው የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲያዩ፣ ይህች ባለ ጎማ ዕቃ አንድ ቀን የአንኮበርን ቁልቁለት ትወርዳለች ብሎ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም። በቅሎ በቁልቁለት ላይ እግሯን መርጣ ራሷን ትገታለች። መኪና ግን የራሷ ፍርሃት የላትም፤ ፍርሃቷን ሠርቶ በጎማዋ ውስጥ የሚያስገባላት ሰው ነው፤ ያም ፍሬን ይባላል።

ቀትር ሲሆን የአይሱዙው ሾፌር ባዶውን ወደ ደብረ ብርሃን ሊመለስ ደረሰ። ቮልስ ከስምንት ኩንታል እምብዛም የማትበልጥ ስለ ሆነች፣ ከበዓሉ የሚመለሱ ጎልማሶች ተረባርበው ከቦዩ አወጧት። ሾፌሩም መኪናውን ወደ ኋላ ወስዶ ከአንድ አፋፍ ጋር አስጠጋውና ቮልሷን ከአፋፉ ላይ በሁለት ሳንቃ እየገፋን ጫንናት። ገንዘብ ብሰጠው «ለሚካኤል ስጥልኝ» ብሎ መለሰልኝ። እንዲህ አድርጌ የአባቴን መኪና እንደ በሽተኛ አስጭኜ ወደ ከተማ ገባሁ።

የወሰድኋት በዕድሜ ከአባቴ ጋር ወደሚስተካከሉ አንድ መካኒክ ዘንድ ነው። ገና ከበሩ ላይ ሲያዩዋት «የመምህሩ መኪና አይደለችም?» አሉ። ዐሥራ አራት ወር እንደ ቆመች ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መኪና ከመሥራት ይልቅ ከመቆም ይበልጥ ታረጃለች» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሥራ በጥቂቱ ልግለጽ፤ በትምህርት ቤት በፊዚክስ ክፍል የተማርሁት ነገር በእጅ ሲዳሰስ ያየሁት ያን ጊዜ ነውና። ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስተማረው፣ በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲጫኑት ግፊቱን ወደየአቅጣጫው ሁሉ እኩል ያስተላልፋል። አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. ይህንኑ ሕግ በመኪና ፍሬን ላይ ለማዋል የፈጠራ መብት አገኘ። አሠራሩ እንዲህ ነው። እግር ፍሬኑን ሲረግጥ ዋናው ፖምፓ ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ወደ አራቱ ጎማዎች ይገፋል። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፖምፓ አለች፤ በውስጧም ሁለት ፒስተኖች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተገፍተው ሁለቱን ሸራዎች ከጎማው ጋር ከሚዞረው የብረት ከበሮ ጋር ያጣብቋቸዋል። እግር ሲነሣ የመመለሻው ሞላ ሸራዎቹን ይሰበስባል። ነገሩ ሁሉ የሚሠራው ፒስተኖቹ ሲወጡና ሲገቡ ነው። መውጣቱን ችለው መመለሱን እንቢ ካሉ ሸራው ከከበሮው ሳይላቀቅ ይቀራል፤ መኪናዋም ፍሬኗን ይዛ ትሄዳለች።

መካኒኩ ጎማውን ከፈቱ በኋላ ከበሮውን ሊያወጡ ቢሞክሩ አልወጣም። ሸራዎቹን የሚያቀራርበውን ጥርስ በካቻቪቴ በቀዳዳ በኩል እያዞሩ አላሉትና፣ ጠርዙን በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያሉ እየመቱ ሳቡት። ከበሮው ሲወጣ ዝገትና የተቃጠለ የሸራ ዱቄት በመሬት ላይ ፈሰሰ። ሸራዎቹ ተበልተው ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ትንሿ ፖምፓ ጫፍና ጫፏ ላይ ያለው የአቧራ መከላከያ ላስቲክ ተቀዷል። «በዚህ በኩል ነው ርጥበቱ የገባው» አሉ። እኔን በመኪናዋ ውስጥ አስቀምጠው ፍሬኑን በዝግታ እንድረግጥ አዘዙኝ፤ በዘይቱ ግፊት አንዱ ፒስተን ሸርተት ብሎ ሲወጣ ሁለተኛው ንቅንቅ አላለም። ፖምፓዋን ፈትተው አወጧትና ዝገት የሚያላላ ዘይት ነክረው አሳደሯት። በማግሥቱ በእንጨት ዘንግ እየገፉ፣ በመዶሻ ቀስ እያሉ እየመቱ፣ ከብዙ ድካም በኋላ ሁለተኛውን አስወጡት። ከሥሩ የወጣው ዘይት ቡና የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ ነበር።

ይህን ጊዜ ጠርገን እንመልሳት ወይስ አዲስ እንግዛ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አሳቤም ገንዘብ መቆጠብ ነበር። መካኒኩ ፖምፓዋን በጨርቅ ጠርገው ሰጡኝና «ጥፍርህን በውስጧ ሳበው» አሉኝ። ሳብሁት፤ በመካከሉ ላይ ጥፍሬን ያዘኝ። «ጥፍርህ ካለፈ ቆሻሻ ነው፤ ይጠረጋል። ጥፍርህን ከያዘው ግን ቁስል ነው፤ ዝገቱ ብረቱን በልቶታል። አዲስ ጎሚኒ ብታስገባበትም ቁስሉ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል። ይህች ትለወጥ» አሉ። ከዚያ የቀኙን ከፈቱና እንዲሁ ጥፍሬን አስሳቡኝ፤ ጥፍሬ ሳይያዝ አለፈ። «ይህች ደግሞ አትጣልም» ብለው በአልኮል አጥበው አዲስ ጎሚኒ ብቻ እንድትለብስ ለዩዋት። ሸራውን ግን በሁለቱም በኩል እንድለውጥ አስገደዱኝ፤ አንዱ አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ሲሆን መኪና ወደ አንድ ወገን ትጎትታለችና። የሚለወጠውን ለመለወጥ ድፍረት፣ የሚድነውን ላለመጣል ትዕግሥት፣ ሁለቱን ለመለየት ደግሞ የአንዲት ጥፍር ፍርድ በቃቸው።

በመንገድ ላይ እንቆቅልሽ የሆነብኝም ነገር በዚያው ተፈታልኝ። የፍሬን ዘይት ውሃ የመሳብ ጠባይ አለው፤ ክዳኑ በላላ ጠርሙስ ውስጥ ሲኖርም፣ በቱቦው ውስጥ ዓመታት ሲቆይም ከአየሩ ርጥበት ይጠጣል። የጠጣው ውሃ በአንድ በኩል ፖምፓዋን ከውስጥ ያዝጋል፤ በሌላ በኩል ዘይቱ ቶሎ እንዲፈላ ያደርገዋል። «ዶት 3» የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከመቶ አራት እጅ የማይሞላ ውሃ ሲገባበት ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የግራው ፒስተን ዝጎ ስለ ተያዘ ሸራው ከበሮውን ሲፈገፍግ ዋለ፤ ከበሮው ጋለ፤ ትኩሳቱ ዘይቱን አፈላው፤ ዘይቱ እንፋሎት ሆነ። እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይደለም፤ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ግፊት አያስተላልፍም። የእኛ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1967 ዓ.ም. በፊት የተሠራች ናትና የአራቱም ጎማ ፍሬን በአንድ መሥመር የተያያዘ ነው፤ አንዱ ሲበላሽ አራቱም ጠፉ። እንግዲህ ፍሬኑ ይዞም ለቅቆም የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሚለቅበት ጊዜ ያልለቀቀ ፍሬን፣ በሚይዝበት ጊዜ መያዝ አቃተው።

«አባትህ በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ሁሉ አፍስሰው አዲስ ይሞሉ ነበር» አሉኝ መካኒኩ። «ያቺን ግማሽ ጠርሙስ ያስቀመጧት ለፍሬን አይመስለኝም፤ ምናልባት ሊጥሏት ረስተው ይሆናል።»

መለዋወጫው ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ በአውቶቡስ መጣልን። ሁሉም በየቦታው ከገባ በኋላ አየሩን ከቱቦው ማስወጣት ቀረ። እኔ በመኪናዋ ውስጥ ተቀመጥሁ፤ መካኒኩ ከሁሉ ከሚርቀው ከኋለኛው የቀኝ ጎማ ጀምረው በየጎማው ሥር ተኙ። «ርገጥ! ያዝ! … አሁን ልቀቅ!» ይላሉ። እኔ እረግጣለሁ፤ እሳቸው ማስተንፈሻውን ከፍተው ይዘጋሉ፤ በጠርሙሱ ውስጥ አረፋው እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ መካከል «የት ነው የምትሠራው?» ብለው ጠየቁኝ። የመሥሪያ ቤቴን ስም ነገርኋቸው፤ በግዥና በንብረት ክፍል እንደምሠራም ጨመርሁ። ከመኪናዋ ሥር ጥቂት ዝምታ ሆነ።

«የእናንተ ላንድ ክሩዘር በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ እዚህ መጥታለች» አሉ። «የፍሬኗ ፖምፓ ያንጠባጥባል። ሾፌሩ ለመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ጽፌአለሁ ብሎኛል። እስኪፈቀድ ድረስ ብሎ ከራሱ ኪስ ጎሚኒ ገዝቶ አስገባን። ለጊዜው ነው፤ እኔ ነግሬዋለሁ። … ርገጥ!»

ረገጥሁ። እግሬ ግን የእኔ አልመስልህ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን ለማግኘት ብዙ አልደከምሁም፤ በጠረጴዛዬ ቀኝ በኩል «የሚታይ» በተባለው ክምር ውስጥ፣ ከታች በኩል ነበር። በሚያዝያ ወር የተጻፈ፣ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ማመልከቻ ነው፤ ሁለት የፍሬን ፖምፓ፣ አንድ ጥንድ ሸራ፣ ሁለት ሊትር የፍሬን ዘይት ይላል። በኅዳጉ ላይ በራሴ የእጅ ጽሕፈት «የበጀት ዓመቱ እየተገባደደ ስለ ሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ» ተብሎ ተጽፏል። ሐምሌ ገባ፤ አዲሱ በጀት ተፈቀደ፤ ወረቀቱ ግን እኔ ካኖርሁት ቦታ አልተነሣም። ማንም እንቢ አላለውም፤ ማንም እሺ አላለውም፤ ብቻ ባለበት ዝጎ ተጣብቆ ቀረ። በእነዚያ ሰባት ወራት ያቺ መኪና ሠራተኞች ጭና በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ስንት ጊዜ ወረደች! ያ መንገድ ከደጋው እስከ ቆላው ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እኔ በአንኮበር አፋፍ ላይ አንድ ጊዜ ያየሁትን ነገር፣ ሾፌሩ በየሳምንቱ እያሰበው ይወርድ ነበር።

ወረቀቱን በእጄ ይዤ ወደ አለቃዬ ገባሁ፤ የሆነውንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ከዐሥር ቀን በኋላ ዕቃው ተገዝቶ ገባ። ሰባት ወር የቆየው ነገር በዐሥር ቀን መፈጸሙ አስደሰተኝ ለማለት አልደፍርም፤ አሳፈረኝ። ወደ ሾፌሩም ሄጄ «ጋሼ፣ ወረቀቱን ያቆየሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ሰውየው ረጅም ጊዜ ያገለገሉ፣ ንግግር የማያበዙ ናቸው። «ምን መሰለህ ልጄ፣ ወረቀቱን ሰጥቼ ሁለት ወር ያህል ጠበቅሁ። ከዚያ ወዲያ በማርሽ ነበር የምወርደው» አሉኝ። ቁጣ ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር። በዚያ አጭር ቃል ውስጥ ግን አንድ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ተስፋ ቆርጦ በራሱ ብልኃት መኖር የጀመረበትን ቀን ሰማሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ብዙዎቻችን በጠረጴዛ ዙሪያ የምንውል ሰዎች ነን፤ ሥራችን ዘይት አይነካውም። ስለዚህ የእኛ ስንፍና አይጨስም፤ አይሸትም፤ ቸርኬ አያግልም። ቢጨስም የሚጨሰው ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ላይ ነው። «ይቆይ» የምትል ቃል በወረቀት ላይ ስትታይ ጥንቃቄ ትመስላለች፤ ፍሬንም ሲይዝ ጥንቃቄ ይመስላል። ነገር ግን የፍሬን ጥቅሙ በጊዜው መያዙ ብቻ አይደለም፤ በጊዜው መልቀቁም ነው። ገንዘብ እንዳይባክን መያዝ የሥራችን ግዴታ ነው፤ ይዞ አለመልቀቅ ግን እንደዚያች ፖምፓ መዛግ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ «የሚታይ» የተባለውን ክምር ከሥር ጀምሬ አገላብጣለሁ። ጥፍሬ የሚያልፈውን ጠርጌ እልካለሁ፤ ጥፍሬን የሚይዘውን ወደሚወስነው ሰው ራሴ ይዤ እሄዳለሁ። ሁልጊዜ ይሳካልኛል አልልም፤ ግን ዓመት ዝጎ የሚያድር ወረቀት በጠረጴዛዬ ላይ የለም።

ኅዳር 21 ቀን የጽዮን ማርያም ዕለት እናቴን ደግሜ «እማዬ፣ አንኮበር ማርያም እንሂድ ወይ?» አልኋት። ጥቂት አየችኝና ነጠላዋን አነሣች። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ገብሱ ግን ተወቅቶ ከአውድማው ተነሥቷል። ከደጋው ጫፍ ስንደርስ መኪናዋን አቆምሁ፤ ወርጄም አራቱን ቸርኬዎች በእጄ ጀርባ ዳሰስሁ፤ አንዱም አልጋለም። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን በየጊዜው ነካ አድርጌ እየለቀቅሁ ቁልቁለቱን ወረድን። እናቴ እጇን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ቆላው ትመለከት ነበር። ጎረቤላ ስንደርስ ብቻ «እንዲህ ነበር የሚነዳት» አለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት እጅጌዬን ሰብስቤ ከመኪናዋ ሥር እገባለሁ። ልጄ ሻይ ያመጣልኛል፤ እኔ ግን ሻዩን ተቀብዬ አልሸኘውም። «ና፣ አጎንብስና እይ» እለዋለሁ።